በገል ውስጥ የቀረ ወተት

ያልተለበጠ ሸክላ ስብ ይጠጣል። ወጥ የተሠራበት፣ ቅቤ የተነጠረበት ወይም ወተት የፈላበት ድስት ምንም ያህል ቢፈገፈግ ወደ ገላው የሰረገው ቅባት ተሟጦ አይወጣም። ውኃ ስብን አያሟሟም፤ በሸክላው ደቃቅ ቀዳዳዎች የተሸሸገውንም አፈር ውስጥ ያሉ ተሐዋስያን በቀላሉ አይደርሱበትም። ስለዚህ ድስቱ ተሰብሮ ገል ሆኖ፣ ገሉም ተቀብሮ፣ የመንደሩ ስም እንኳ ከጠፋ በኋላ ስቡ ለሺህ ዓመታት እዚያው ሊቆይ ይችላል። እሱን አውጥቶ የበሬ ይሁን የአሳማ፣ የወተት ይሁን የጎመን መለየት የተቻለው ግን ትናንት በሚባል ጊዜ ነው። ለዚህም የሳሙና ኬሚስት፣ የፊዚክስ ሊቅ፣ የሳንባ ነቀርሳ ተመራማሪና የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ሁለት መቶ ዓመት ያህል፣ አንዱ የሌላውን ዓላማ ሳያውቅ፣ መንገድ ጠርገዋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ፈረንሳዊው ሚሼል ኤዥን ሼቭረል ነው። በ19ኛው ምዕት ዓመት መባቻ ስብ ምን እንደሆነ በውል የሚያውቅ አልነበረም። ሼቭረል ከአሳማ ስብ የተሠራ ሳሙና መመርመር ጀምሮ ከዐሥር ዓመት በላይ በዚያው ጉዳይ ላይ ቆየ። በ1823 ባሳተመው መጽሐፍም ስብ ግሊሰሪን ከልዩ ልዩ አሲዶች ጋር ተጣምሮ የሚሠራው ነገር መሆኑን አሳየ። ቅቤ ሲቆይ የሚሸተውን አሲድ ለይቶ ያወጣውና በቅቤ ስም የጠራውም እሱ ነው። ሼቭረል በእጁ የነበረው ሚዛንና ቴርሞሜትር ነበር፤ አሲዱን ደጋግሞ ያጠራና የሚቀልጥበትን ሙቀት ይለካል። ለዚህ ብዙ ስብ ያስፈልጋል። ከአንድ ጥንታዊ ገል የሚወጣው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ዕውቀቱ ተገኝቶ ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ጥቂት ነገር የሚሆን ሚዛን ግን ገና አልተፈጠረም።

ያ ሚዛን የተፀነሰው ስለ ስብ ጨርሶ በማያስብ ሰው እጅ ነው። ጆሴፍ ጆን ቶምሰን በካምብሪጅ፣ አየሩ በተመጠጠ የመስታወት ቱቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን የጋዝ ቅንጣቶች በማግኔትና በኤሌክትሪክ መስክ መካከል ያሳልፍ ነበር። በ1912 ኒዮን የተባለውን ጋዝ ሲሞክር በፎቶግራፍ ሰሌዳው ላይ አንድ ሳይሆን ሁለት ምልክት አየ፤ አንዱ በ20፣ ሌላው በ22 ክብደት። አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ክብደታቸው የተለያየ አቶሞች ሊኖሩት እንደሚችል፣ ዛሬ አይዞቶፕ የምንላቸው ማለት ነው፣ ከታየባቸው የመጀመሪያ አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነው። ረዳቱ ፍራንሲስ አስተን በ1919 መሣሪያውን አሻሽሎ ሠራውና በ1922 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመበት። አሠራሩ ለገጠር ሰው እንግዳ አይደለም፦ አውድማ ላይ እህል ወደ ላይ ሲበተን ነፋሱ ገለባውን አርቆ እንደሚወስደው፣ ፍሬው ግን ከእግር ሥር እንደሚወድቅ ሁሉ፣ ማግኔቱም ቀላሉን ቅንጣት አብዝቶ፣ ከባዱን ጥቂት ብቻ ያጥፈዋል። የወደቀበት ቦታ ክብደቱን ይናገራል። ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባለው መሣሪያ መሠረቱ ይኸው ነው።

ቶምሰን በ1913 ባሳተመው መጽሐፍ ዘዴው ለኬሚስቶች እንደሚጠቅም በግልጽ ጽፎ ነበር። የሰማው ግን ጥቂት ነው። መሣሪያው ለረጅም ጊዜ የፊዚክስ ሰዎች ብቻ ሆኖ ቆየና፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ቤንዚን የሚያጣሩ የአሜሪካ ኩባንያዎች የነዳጃቸውን ይዘት ለማወቅ ገዙት። ከነዳጅ ወደ ስብ ያለው ርቀት አጭር ነው፤ ሁለቱም ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶች ናቸው። ያንን ርቀት የተሻገሩት ስዊድናውያን ናቸው።

አይናር ስቴንሃገንን ወደዚህ ያመጣው የሳንባ ነቀርሳ ነው። የነቀርሳው ባክቴሪያ አብዛኞቹ ሌሎች ባክቴሪያዎች በሌላቸው ልዩ ሰም የተሸፈነ ነው። በ1929 በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ፣ አንደርሰንና ቻርጋፍ ከዚህ ሰም ውስጥ ያልተለመደ አሲድ አውጥተው ነበር፤ ሰንሰለቱ ቀጥ ያለ ሳይሆን በመሐል ቅርንጫፍ አለው። ቅርንጫፉ በስንተኛው ካርቦን ላይ እንደበቀለ ለማወቅ በዚያን ዘመን ሞለኪውሉን በኬሚካል ቆራርጦ ቁርጥራጩን መለየትና ራሱን አሲዱን በላቦራቶሪ መልሶ መሥራት ያስፈልግ ነበር፤ የዓመታት ሥራ ነው። ስቴንሃገንና በስቶክሆልም የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የነበረው ራግናር ሪሃገ በ1950ዎቹ ሌላ ጥያቄ አነሡ፦ ሞለኪውሉን ማሽኑ ራሱ ቢሰብረውስ?

አሲዱን መጀመሪያ በሜታኖል አክመው በቀላሉ የሚተን ያደርጉታል። ከዚያ ባዶ ክፍል ውስጥ እንደ ጭስ አስገብተው በኤሌክትሮን ይመቱታል። ጥቂቶቹ ሞለኪውሎች ሙሉ ሆነው ይተርፋሉ፤ ክብደታቸውም የአሲዱን ርዝመት ይሰጣል፦ 16 ካርቦን ያለው አሲድ 270፣ 18 ካርቦን ያለው 298። የቀሩት ይሰበራሉ፤ የሚሰበሩት ግን እንዳገኙ አይደለም። ሰንሰለቱ ቀጥ ያለ ከሆነ ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው ስባሪ 74 ላይ ይቆማል። በሁለተኛው ካርቦን ላይ የሜቲል ቅርንጫፍ ካለ 74 ወደ 88 ይዛወራል። ያ የነቀርሳ አሲድ ደግሞ በ10ኛው ካርቦን ግራና ቀኝ ስለሚሰበር 171 እና 199 ላይ ምልክት ይተዋል። ዓመታት የፈጀው ጥያቄ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ለዓይን በማይሞላ ናሙና ተመለሰ። ሁለቱ ሰዎች በ1960፣ ያኔ ገና በወጣ የሊፒድ (የቅባት) ምርምር መጽሔት የመጀመሪያ ቅጽ ላይ ይህን ሁሉ በአንድ ሰፊ ጽሑፍ አሰባሰቡት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ስሙ ሊታወቅ ሲገባ ያልታወቀ ሥራ ይህ ይመስለኛል። ዛሬም ማንም የስብ ኬሚስት ስክሪኑ ላይ 74ን ሲያይ የሚያነበው እነሱ የጻፉትን ሰዋስው ነው።

አንድ እንቅፋት ቀርቶ ነበር። ተፈጥሮ ስብን ለየብቻ አታቀርብም፤ ከአንድ ገል፣ ከአንድ ቅጠል ወይም ከአንድ ጭብጥ አፈር የሚወጣው ቅባት የብዙ ዓይነት ሞለኪውሎች ድብልቅ ነው። ድብልቁ እንዳለ ወደ ማሽኑ ቢገባ ቁጥሮቹ ይደበላለቃሉ። የመለያየቱን ዘዴ በ1952 ለንደን ውስጥ ጄምስና ማርቲን አግኝተውታል፦ አሲዶቹን በጋዝ ጅረት እየገፉ በረጅም ቀጭን ቱቦ ማሳለፍ። አጭሩ ሰንሰለት ቀድሞ ይወጣል፣ ረጅሙ ይዘገያል። ጋዝ ክሮማቶግራፊ ይሉታል። ሁለቱን መሣሪያዎች ማጋባት ግን ቀላል አልሆነም፤ አንደኛው በጋዝ ይሠራል፣ ሌላው ጋዝ ከገባበት ይሞታል። አሜሪካኖች በ1950ዎቹ ሞክረውት ነበር። ሪሃገ በ1964 ጋዙን አስቀርቶ ናሙናውን ብቻ የሚያሳልፍ መለያ ይፋ አደረገ፤ በተከታዩ ዓመት በዚሁ ላይ የተሠራ ማሽን በስዊድን ኩባንያ ለገበያ ቀረበ። ፕሮስታግላንዲን የተባሉት ሰውነት በእጅግ ጥቂት መጠን የሚያመርታቸው ቅባቶች አወቃቀራቸው የታወቀው በእነዚሁ ስዊድናውያን የማስ ስፔክትሮሜትር ሥራ ታግዞ ነው፤ በርግስትሮምና ሳሙኤልሶን በ1982 ለኖቤል ከበቁበት ሥራ አንዱ ክፍል ነበር።

አርኪዮሎጂ ዘግይቶ ደረሰ። በ1976 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የጥንት የወይራ ዘይት ማሰሮዎችን ግድግዳ በጋዝ ክሮማቶግራፊ መርምረው የዘይቱን አሲዶች አገኙ። ሙሉው መሣሪያ በገል ላይ በስፋት የዋለው በእንግሊዝ፣ በሪቻርድ ኤቨርሼድና ባልደረቦቹ እጅ ነው፤ መጀመሪያ በሊቨርፑል፣ ኋላም በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። የገሉ ላይኛ ገጽ ተፍቆ ይጣላል፤ ከውስጡ ሁለት ግራም ያህል ይወቀጣል፤ በክሎሮፎርምና በሜታኖል ቅባቱ ይሟሟል፤ ከዚያ ወደ ማሽኑ ይገባል። በ1991 ራውንድስ ከተባለ የእንግሊዝ መንደር በተገኙ የመካከለኛው ዘመን ድስቶች ውስጥ 29 ካርቦን ያላቸው ሰሞች አገኙ፤ አንደኛው ልክ በመሐሉ፣ በ15ኛው ካርቦን ላይ፣ ኦክስጅን ይዟል። ይህ የጥቅል ጎመንና የዘመዶቹ ቅጠል ላይ ያለው ሰም ነው። አጥንት አፈር ውስጥ ይቆያል፣ የእህል ፍሬም ከከሰለ ይቆያል፤ የተቀቀለ ጎመን ግን ከዚያ በፊት ለአርኪዮሎጂ ዱካ ትቶ አያውቅም ነበር ማለት ይቻላል። የድሃው ማዕድ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነበበ።

ይኸው ማሽን ስሕተትንም ያጋልጣል፤ ብዙ ገሎች ደግሞ በስሕተት ተበክለዋል። ስክሪኑ ላይ 149 ጎልቶ ከታየ ገሉ በፕላስቲክ ከረጢት ተቀምጦ ነበር ማለት ነው፤ ፕላስቲክ ማለስለሻው ነው የሚናገረው። ስኳሊን የሚባል ቅባት ከተገኘ ደግሞ ምንጩ ብዙውን ጊዜ የቆፋሪው የጣት ላብና ወዝ ነው።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ወተት ነበር። በ1981 የኦክስፎርዱ አርኪዮሎጂስት አንድሩ ሸራት፣ ሰው እንስሳትን ያላመደው በመጀመሪያ ለሥጋ ነው፣ ወተት፣ ሱፍና ጉልበት ግን ከሺህ ዓመታት በኋላ የመጡ ናቸው ብሎ ተከራክሮ ነበር። ክርክሩን የሚፈታ ማስረጃ አልነበረም። ትኩስ ወተት ውስጥ በሞራና በጮማ የማይገኙ አጫጭር አሲዶች አሉ፤ ሼቭረል ከቅቤ ያወጣው አንዱ ነው። ነገር ግን እነዚህ አጫጭሮቹ ከሌሎቹ ይልቅ ውኃ የሚያሟሟቸው በመሆናቸው አፈር ውስጥ ታጥበው ይሄዳሉ። የቀሩት ባለ 16ና ባለ 18 ካርቦኖቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በሥጋ ስብም በወተትም ስላሉ በቁጥር 270 እና 298 ብቻ መለየት አይቻልም። ማሽኑ የሚያውቀውን ሁሉ ተናግሮ ጨርሷል፣ ጥያቄው ግን እንዳለ ነው።

መፍትሔው ከላሟ ግት ተገኘ። ካርቦን ሁለት የማይበሰብሱ አይዞቶፖች አሉት፤ አብዛኛው ካርቦን 12 ሲሆን ከመቶ አንድ ያህሉ ካርቦን 13 ነው። ላም በሣር ውስጥ የምትበላው ቅባት በዚያው ሣር ካለው ስኳር ይልቅ ካርቦን 13 ያንሰዋል። ሰውነቷ ጮማ ሲሠራ ባለ 18 ካርቦኑን አሲድ በአብዛኛው ከስኳሩ በተገኘ ጥሬ ዕቃ ራሱ ይሠራዋል። ግቷ ግን ባለ 18 ካርቦን መሥራት አይችልም፤ ከደም ይወስደዋል፤ ከዚያም ውስጥ ትልቁ ድርሻ የሣሩ ቅባት በጨጓራዋ ተለውጦ የመጣው ነው። ስለዚህ የወተት ባለ 18 ካርቦን አሲድ ከሥጋው ስብ ይልቅ በካርቦን 13 ይደኸያል፤ ልዩነቱ ከሺህ ሁለት ገደማ ነው። ይህን ለመለካት እያንዳንዱ አሲድ ከክሮማቶግራፊው ቱቦ ሲወጣ ተቃጥሎ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጥና፣ ማስ ስፔክትሮሜትሩ 44ና 45 ክብደት ያላቸውን የጋዙን ሞለኪውሎች ያነጻጽራል። ቶምሰን በኒዮን ያየው የሁለት አይዞቶፕ ጉዳይ እዚህ ላይ ለላም ወተት ዋለ። ስቴፋኒ ደድና ኤቨርሼድ ውጤቱን በ1998 በሳይንስ መጽሔት አወጡ፤ ወተት ከገል ውስጥ በቀጥታ ታወቀ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጠነ። በ2003 ከብሪታንያ 14 የቅድመ ታሪክ መንደሮች የተገኙ ገሎች ተመርምረው፣ የመጀመሪያዎቹ ገበሬዎች ከዘለቁበት ዘመን ጀምሮ ወተት ይጠቀሙ እንደነበር ታየ። በ2008 ከ2,200 በላይ ገሎች ከአናቶሊያ፣ ከደቡብ ምሥራቅ አውሮፓና ከሌቫንት ተሰብስበው ተመረመሩ፤ በማርማራ ባሕር አካባቢ ወተት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ሺህ ዓመት በሸክላ ይዘጋጅ እንደነበር ታወቀ። የሸራት ግምት በዚህ ነጥብ ላይ ወደቀ።

በ2012 ተራው የአፍሪካ ሆነ። በደቡብ ምዕራብ ሊቢያ በአካኩስ ተራሮች ውስጥ ታካርኮሪ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። ዛሬ ዙሪያው አሸዋና ድንጋይ ነው፤ ያኔ ሰሐራ ዝናብ ነበረው፣ ሐይቅና ሣር ነበረው። በአካባቢው ድንጋዮች ላይ ግታቸው የሞላ ላሞች ተሥለዋል። ሥዕል ግን ዕድሜውን ለማወቅ አስቸጋሪ ነው፣ አጥንቱም ጥቂትና የደቀቀ ነበር። የሮማ ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በሳቪኖ ዲ ለርኒያ መሪነት ቆፍሮ ያወጣቸውን ገሎች፣ ያኔ በብሪስቶል የዶክትሬት ተማሪ የነበረችው ጁሊ ዳን መረመረቻቸው። ደረቁ በረሃ ቅባቱን በሚያስደንቅ ሁኔታ ጠብቆት ነበር። ውጤቱ በኔቸር መጽሔት ወጣ፦ የሰሐራ ሰዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ሺህ ዓመት ወተት በሸክላ ያዘጋጁ ነበር። የካርቦኑ ቁጥሮች ሌላም ነገር ተናገሩ። ከገል ገል በስፋት መለያየታቸው መንጋው የተለያየ ዓይነት ግጦሽ ላይ እንደነበረ፣ አንዳንዱ እርጥበት በሚወድ ሣር፣ አንዳንዱ ሙቀትና ድርቅ በሚችል ሣር ላይ እንደሰማራ ያሳያል። ከሥዕሉ እጅግ የበለጠ ይህ ያስደስተኛል፤ የሥዕሉ ላም ቆማለች፣ የቅባቱ ላም ግን ከግጦሽ ግጦሽ ትሄዳለች። በ2016 ያው ቡድን ከታካርኮሪና ከጎረቤቱ ኡዋን አፉዳ የተገኙ፣ ከከብት እርባታ የሚቀድሙ ገሎችን መርምሮ የሣርና የውኃ ዳር ዕፀዋት ቅባት አገኘባቸው።

በዚያው በ2012 መጨረሻ ከፖላንድ የመጣው ወሬ አጭር ግን ጣፋጭ ነው። ፒተር ቦጉስኪ በ1984፣ ወንፊት የመሰሉ ብዙ ቀዳዳ ያላቸው ገሎች ለአይብ ማጥለያ የዋሉ መሆን አለባቸው ብሎ ነበር። ሜላኒ ሳልክና ባልደረቦቿ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ሺህ ዓመት የተሠሩትን እነዚህን ገሎች መርምረው የወተት ቅባት አገኙባቸው፤ ቦጉስኪ ትክክል ነበር። በ2019 ደግሞ በጀርመን ባቫርያ ከሕፃናት መቃብር የወጡ ጡት መሳይ አፍ ያላቸው ትናንሽ ሸክላዎች የእንስሳ ወተት ቅባት ይዘው ተገኙ።

በ2020 ቅባቱ ዕድሜውንም እንዲናገር ተደረገ። ኢማኑኤል ካዛኖቫና ኤቨርሼድ ባለ 16ና ባለ 18 ካርቦኖቹን አሲዶች ለየብቻ አጥርተው በካርቦን 14፣ በሚበሰብሰው የካርቦን አይዞቶፕ፣ ዘመናቸውን ለኩ፤ በለንደን ሾርዲች የተገኙ ገሎች 5,500 ዓመት ገደማ እንዳላቸው ታወቀ። በዚያው ዓመት ካትሪን ግሪሎ፣ ዳንና ሌሎች ከኬንያና ከታንዛኒያ የጥንት አርብቶ አደሮች መንደሮች በመጡ ገሎች ወተት፣ ሥጋና ዕፀዋት መዘጋጀታቸውን አሳዩ። በ2022 እነ ኤቨርሼድ ከአምስት መቶ በላይ ከሚሆኑ፣ አብዛኞቹ የአውሮፓ ከሆኑ ቦታዎች የተገኙ 7 ሺህ ገደማ የቅባት ውጤቶችን ከጥንት ዲኤንኤ ጋር አነጻጸሩ። አውሮፓውያን ላክቶስን (የወተትን ስኳር) በአዋቂነት የመፍጨት ዘረመል ከመስፋፋቱ ከሺህ ዓመታት በፊት ወተት በብዛት ይጠቀሙ እንደነበር፣ ዘረመሉንም ያስፋፋው የወተት ብዛት ሳይሆን ረሃብና በሽታ እንደሚመስል ደመደሙ።

ይህ መደምደሚያ እኛንም ይነካል። በ2013 የወጣ ጥናት በኢትዮጵያውያን ዘንድ ለወተት መፈጨት የሚረዳው የዘረመል ለውጥ አንድ ሳይሆን ብዙ ዓይነት መሆኑን አሳይቷል፤ ወተት እዚህ ምድር ላይ ረጅምና ውስብስብ ታሪክ አለው። ሸክላችንም ከዚህ ሳይንስ ርቆ አያውቅም። ጆን አርተር በጋሞ ደጋ ከሸክላ ሠሪዎችና ከቤተሰቦች ጋር ተቀምጦ፣ የእህል መጠጥ የሚፈላበት ዕቃ ውስጠኛው ግድግዳ እንዴት እንደሚበላና ይህም ከቤተሰቡ ሀብት ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ያጠናው በ1990ዎቹ ነው፤ ሥራው ዛሬም በመስኩ ይጠቀሳል። እኛ የምናውቀው ደግሞ ለዚህ ሳይንስ የሚያስፈልግ ማስጠንቀቂያ ነው። ምጣድ በጎመን ዘር ይሟሻል፤ ጋን በወይራ ይታጠናል፤ ሁለቱም በሸክላው ላይ የራሳቸውን ቅባትና ጭስ ይተዋሉ። ወተት ደግሞ በብዙ አካባቢ የሚታለበውና የሚናጠው በቅል ወይም በተሰፋ ዕቃ ነው፤ እነዚህ በስብሰው ያልቃሉ። ገላችን ውስጥ ወተት ባይገኝ ወተት አልነበረም ማለት አይደለም።

ስለዚህ ይህን ለምታነቡ የአርኪዮሎጂ ተማሪዎች፣ ቆፋሪዎችና የሙዚየም ሠራተኞች አንድ ልመና አለኝ። ከምታወጧቸው ገሎች ሁሉንም በብሩሽ አታጥቡ። ከየድስቱ ዓይነት ጥቂቱን፣ በተለይ ከአፉ በታች ያለውን ክፍል፣ ከነአፈሩ አስቀሩ፤ በባዶ እጅ አትንኩት፤ ፕላስቲክ ውስጥ ሳይሆን በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልሉት፤ ሙጫ አታስነኩት። ከአጠገቡ አንድ እፍኝ አፈርም ለማነጻጸሪያ ያዙ። ከሸክላ ሠሪዋ እናት ዘንድ ሄዳችሁ ዕቃውን በምን እንደምታሟሸው ጠይቁና ጻፉት፤ ማሽኑ ያንን ሊነግራችሁ አይችልም።